አዲስ አበባን ያገናኘው አውቶቡስ

የአዲስ አበባ የከተማ አውቶቡስ አገልግሎት የተጀመረው በ1935 ዓ.ም. ነው። የጣሊያን ጦር ከተማዋን ለቆ ከወጣ ገና ሁለት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ሥራው የተጀመረው በመንግሥት እጅ፣ ከጦርነቱ በተረፉ በጣት የሚቆጠሩ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ነበር። ኋላ አንበሳ በሚል ስም የታወቀው ይህ አገልግሎት ለብዙኃኑ ነዋሪ ሥራ ቦታ፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያና ሆስፒታል መድረሻ ሆኖ ኖሯል። ለምን እንዳስፈለገና መስመሮቹ ለምን ዛሬ ባሉበት አቅጣጫ እንደተዘረጉ ለመረዳት ግን ከከተማዋ አሰፋፈር መነሣት ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አንድ ወጥ ከተማ አልነበረችም። አፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው ከፍል ውሃ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ግቢያቸውን ሲሠሩ፣ መኳንንቱና የጦር አለቆቹ በየተመሩት ጉብታ ሰፈሩ። በያንዳንዱ ግቢ ዙሪያ ወታደሩ፣ ሎሌውና ባለሙያው ጎጆውን ቀለሰ። የራስ መኰንን፣ የደጃች ውቤና የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስም በሰፈርና በድልድይ ላይ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝ፣ ገደልና ባዶ ሜዳ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ሞልተው መሻገሩ ለሕይወት የሚያሰጋ ይሆን ነበር። ቁልቁለቱም ቀላል አይደለም። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ በደቡብ ያለው አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። በዚህ አቀበትና ቁልቁለት ላይ ባለ ጸጋው በበቅሎ፣ የቀረው ሕዝብ በእግሩ ይመላለስ ነበር።

የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ ብትመጣም ለሕዝብ መጓጓዣነት የምትበቃ አልነበረችም። ከዚያ ይልቅ የከተማዋን ቅርጽ የለወጠው በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ነው። ለገሃር የተባለው ጣቢያ ከአራዳ ገበያ ርቆ በስተደቡብ ስለተሠራ፣ ዕቃና መንገደኛ በየቀኑ ሽቅብና ቁልቁል መጓዝ ግድ ሆነበት። ከአራዳ እስከ ለገሃር ያለው ይህ ምልልስ የከተማዋ የመጀመሪያው ታላቅ መስመር ነው ለማለት ይቻላል።

የጣሊያን ወረራ ርቀቱን ይበልጥ አሰፋው። ወራሪው መንግሥት ከተማዋን በዘር ለመከፋፈል ባወጣው ዕቅድ አራዳን ለአውሮፓውያን ለይቶ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ ወሰደው። መርካቶ የተወለደው እንዲህ ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ ነዋሪም ከመሀል ተነሥቶ ወደ አዲስ ከተማ ተገፋ። ነጻነት ሲመለስ የዘር ክልሉ ቢፈርስም ገበያው በተተከለበት ቀረ። ቤተ መንግሥቱና መሥሪያ ቤቶቹ በአንድ ወገን፣ ገበያው በሌላው፣ ባቡር ጣቢያው በታች በኩል ሆነው፣ በመካከላቸው በእግር የሚባክነው ጊዜ የብዙ ሰው የዕለት ጭንቅ ነበር። የ1935ቱ አውቶቡስ የመጣው ለዚህ ነው።

በ1944 ዓ.ም. አገልግሎቱ የንጉሣውያን ቤተሰብና የግል ባለሀብቶች ድርሻ ወደያዙበት አክሲዮን ማኅበር ተዛወረ። ቀይና ቢጫ ቀለም፣ ከጎኑም የአንበሳ ምስል ያለበት አውቶቡስ የከተማዋ መለያ የሆነው በእነዚህ ዐሥርተ ዓመታት ነው። መስመሮቹም ከተማዋ በሄደችበት ሁሉ ተከተሏት። በ1950ዎቹ የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ በሳሪስ፣ በቃሊቲና በአቃቂ አቅጣጫም ፋብሪካዎች ተደረደሩ። ማለዳ ፈረቃ የሚገባው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከሰሜን ወደ መሀል የሚወርደው ተማሪና ከየአቅጣጫው ወደ መርካቶ የሚጎርፈው ነጋዴ የአውቶቡሱ ዋነኛ ደንበኞች ሆኑ።

ከሽሮ ሜዳ እስከ ለገሃር የሚወርደው መንገድ ይህን ታሪክ በቅደም ተከተል ያሳያል። ከእንጦጦ ግርጌ ያለችው ሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች የሠፈሩባትና የሀገር ልብስ የሚሸጥባት ናት። ከእርሷ ዝቅ ብሎ ስድስት ኪሎ ይገኛል። እዚያ የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት በ1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ዘመን ለተጨፈጨፈው ሕዝብ መታሰቢያ ነው፤ ከፊቱ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደግሞ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። አምስት ኪሎ ሙዚየሙን፣ አራት ኪሎ የሚያዝያ 27ን የድል ሐውልትና ፓርላማውን ይዘው ይከተላሉ። ከዚያ መንገዱ የምኒልክን ግቢ ታኮ፣ ሒልተንንና የአፍሪካ አዳራሽን አልፎ ወደ መስቀል አደባባይ ይወርድና በስታዲየም በኩል ለገሃር ይደርሳል። ከሸማኔው ደጃፍ የተነሣ ተሳፋሪ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ የሆነውን የከተማዋን ዕድገት በመስኮት እያየ ባቡር ጣቢያው ደጅ ላይ ይወርዳል።

አውቶቡሱ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ተሳፋሪው በኋላ በር ይገባል፤ በሩ አጠገብ ከተቀመጠው ቲኬት ቆራጭ ቲኬቱን ይገዛል፤ ሰው እየገፋ ወደ ፊት ይጠጋና በፊት በር ይወርዳል። ቲኬቷ ትንሽ ወረቀት ብትሆንም እስከ መውረጃው ድረስ በጥንቃቄ ትያዛለች፤ ተቆጣጣሪ በመንገድ ላይ ገብቶ ሊጠይቅ ይችላልና። በጥድፊያ ሰዓት ከተቀመጠው ይልቅ የቆመው ይበዛል። ሽማግሌ ሲገባ ወጣት ተነሥቶ ያስቀምጣል፤ የቆመች እናት ልጇን ለተቀመጠ ሰው ታሳቅፋለች። የኪስ አውላቂው ሥጋትም የዚሁ መጨናነቅ አካል ስለነበር፣ ተሳፋሪው አንድ እጁን ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ኪሱ ላይ ማድረግ ልማዱ ሆነ።

መስመሩ የሚያልቅበት ማዞሪያ ለሰፈር መፈጠርም ምክንያት ሆኗል። አውቶቡሱ ከሚዞርበት ቦታ ዙሪያ ሻይ ቤቱ፣ ጉሊቱና የጫማ ጠራጊው ሣጥን ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቤት የሚሠራ ሰው ርቀቱን የሚለካው ከማዞሪያው ነው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ብዙም በማያገለግልባት ከተማ ፌርማታ ዋነኛው አድራሻ ነበር። ስሙን ከቤተ ክርስቲያን፣ ከኤምባሲ፣ ከፋብሪካ ወይም ከትምህርት ቤት ይወስዳል፤ ስሙን የሰጠው ነገር ከጠፋ በኋላም ፌርማታው በዚያው ይጠራል።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጓጓዣ የሀገር ጉዳይ ሆነ። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ሰሞን አደሙ። ወጣቶች ወደ ጎዳና ወጡ፣ አውቶቡሶችም በድንጋይ ተመቱ። መንግሥት የነዳጁን ጭማሪ በከፊል ለመመለስ ቢገደድም አብዮቱን ማስቆም አልቻለም። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ማኅበሩ ተወረሰ፤ አውቶቡሱም በመንግሥት የሕዝብ ማመላለሻ ኮርፖሬሽን ሥር ገባ። ታሪፉ ዝቅተኛ ሆኖ መቆየቱ ለደኃው ትልቅ እፎይታ ሰጥቷል። የመለዋወጫና የአዳዲስ አውቶቡሶች እጥረት ግን ሰልፉን አስረዘመው፤ ፌርማታ ላይ ቆሞ መጠበቅም የጉዞው ግማሽ ሆነ።

አውቶቡሱ ያልደረሰበትን ታክሲ ሞላው። ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ሰይቼንቶ ጥቂት ሰዎችን በጋራ ታመላልስ ነበር። ውይይት የተባለው መኪና ደግሞ ተሳፋሪዎቹን በሁለት ትይዩ አግዳሚዎች ላይ ፊት ለፊት ያስቀምጣል። ከ1980ዎቹ ወዲህ፣ የትራንስፖርት ሥራ ለግል ባለሀብት በሰፊው ሲከፈት፣ ሚኒባሱ ከተማዋን ሞላት። ወያላው መዳረሻውን እየጠራ በየጥጉ የሚጭነው ሚኒባስ ፈጣን ነው። ይሁን እንጂ ረጅም መንገድ በታክሲ መሄድ ሁለትና ሦስት ጊዜ መሳፈርን፣ በያንዳንዱም መክፈልን ይጠይቃል። በአንድ ቲኬት ከዳር እስከ ዳር የሚወስደው አውቶቡስ ግን የኪስ አቅም ለሌለው ሰው አማራጭ የሌለው ሆኖ ቆየ።

በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ አንበሳ ራሱን የቻለ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት ሆኖ ተቋቋመ፤ ከጊዜ በኋላም ወደ ከተማው አስተዳደር ተዛወረ። መርሴዲስና ዳፍ አውቶቡሶች ሸክሙን ሲሸከሙ ቆይተው፣ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ቢሾፍቱ የተገጣጠሙት ተጨመሩ። ይህ ሁሉ ግን ከሕዝቡ ቁጥር ጋር መሽቀዳደም ነበር። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአዲስ አበባ ነዋሪ በ1987 ዓ.ም. 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. 2.7 ሚሊዮን ደረሰ።

ከቁጥሩ የባሰው የርቀቱ ነገር ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ጀሞን፣ ሰሚትን፣ የካ አባዶን፣ ቦሌ አራብሳንና ኮዬ ፈጬን የመሰሉ ግዙፍ መንደሮች በከተማዋ ዳርቻ ፈጠረ። መሀል ከተማ ላይ ከሥራው አጠገብ በቀበሌ ቤት ይኖር የነበረ ሰው የራሱ ቤት ሲያገኝ፣ በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ የሚጀመር ረጅም መንገድም አብሮ ደረሰው። አሮጌዎቹ መስመሮች ለገሃርን፣ መርካቶንና ፒያሳን መነሻ ያደረጉ ስለነበሩ፣ አዲሶቹ እስከ እነዚህ መንደሮች መዘርጋት ነበረባቸው። መገናኛም ከምሥራቅ የሚመጣው መንገደኛ ሁሉ የሚያልፍበት ትልቅ ማዕከል ሆነች።

ለዚህ ፍላጎት በርካታ መልሶች ተሰጥተዋል። ለመንግሥት ሠራተኞች የተለየ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ተቋቋመ። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ጀመረ፤ አንደኛው መስመር አያትን ከጦር ኃይሎች፣ ሁለተኛው ፒያሳን ከቃሊቲ ጋር ያገናኛል። በ2009 ዓ.ም. ሸገር የብዙኃን ትራንስፖርት ተጨመረ፤ በኋላም ሸገርና አንበሳ በአንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ አውቶቡሶች መንገድ ላይ ወጥተዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ፒያሳን የመሰሉ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ብዙ ነዋሪዎች ወደ ዳር ሲዛወሩ፣ የጉዞው ርዝመት እንደገና ጨምሯል።

ሰማንያ ዓመት ባለፈው በዚህ ታሪክ አንድ ነገር ሳይለወጥ ቆይቷል። የደኃው መኖሪያ ከእንጀራው በራቀ ቁጥር አውቶቡሱ ይከተለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ዛሬም ብዙ የአዲስ አበባ ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው። የከተማው አስተዳደር የአውቶቡሱን ታሪፍ እየደጎመ የሚያቆየው ያለ ምክንያት አይደለም፦ አውቶቡስ በማይደርስበት መንደር የተሰጠ ቤት ነዋሪውን ከሥራው፣ ልጁን ከትምህርት ቤቱ፣ በሽተኛውን ከሐኪሙ ይለየዋል። ስለዚህ አዲስ ሰፈር ሲታቀድ መስመሩ ከቤቱ ጋር አብሮ መታቀድ አለበት።