ቢላዋው ሲለየን፣ አሳማው ሲያስማማን

ጎንደር ያደገ ሰው «የእስላም ሥጋ» እና «የክርስቲያን ሥጋ» የሚለውን ነገር ፊደል ሳይቆጥር ነው የሚያውቀው። በሬው ከአንድ ገበያ ተገዝቶ ሊሆን ይችላል። የሚለየው ሲታረድ የተባለው ነው፤ «ቢስሚላህ» ወይስ «በስመ አብ»?

መለያየቱ የሰፈርም ነበር። በ1668 (ዘመኖቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ጎንደር ላይ በጠሩት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ፤ ቤተ እስራኤሎችም እንዲሁ። የሙስሊሞቹ ሰፈር እስላም ቤት ተባለ፤ የዛሬው አዲስ ዓለም።

ታዲያ ሦስቱም ሳይማከሩ የተስማሙበት እንስሳ አለ፤ አሳማ። ማንም አይበላውም!

ይህን ያስታወሰችኝ ሙስሊም ጓደኛዬ ናት። በልጅነት ከቶንሲል የሚነሳው የልብ ሕመም ስንት ወጣት እንደሚጥል ታውቃላችሁ። የተበላሸው ቫልቭ በብረት ወይም ከእንስሳ በተሠራ ይተካል። ብረቱ ዕድሜ ልክ ደም ማቅጠኛና ተደጋጋሚ የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ ከጃናሞራ ተራራ ለምርመራ መመላለስን አስቡት። መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። የእንስሳው ቶሎ ቢያረጅም ከዚህ ጣጣ ብዙውን ያስቀራል። የሚሠራው ግን ከከብት ወይም ከአሳማ ነው።

«ከአሳማ ከሆነስ?» አለችኝ።

ጥያቄው ከቀዶ ሕክምናው ይበልጣል በዕድሜ። በ1277 ያረፉት ኢማም ነወዊ «ሚንሃጅ» በተባለው የሻፊዒ መዝሀብ መጽሐፋቸው፣ ንጹሕ አጥንት አጥቶ ስብራቱን በነጃሳ አጥንት ያስጠገነ ሰው አይወቀስም ብለዋል። ቁርኣንም አሳማን በከለከለበት አንቀጽ ችግር ያስገደደውን ሰው ነፃ ያደርጋል። በ1995 ኩዌት ላይ የተሰበሰቡ ሊቃውንት የአሳማ ኢንሱሊንን ለስኳር ሕሙማን የፈቀዱት በዚሁ መንገድ ነው። ሁሉም ግን እኩል አይፈቱትም፤ «የከብቱ ካለ ምን ግድ አለ?» የሚሉ አሉ።

በጥር 2022 አሜሪካ ውስጥ ዘረመሉ የተለወጠ የአሳማ ልብ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕያው ሰው ደረት ውስጥ ሲተከል፣ ከቡድኑ መሪዎች አንዱ ፓኪስታን የተወለዱት ሙስሊሙ ዶክተር መሐመድ ሞሂዩዲን ነበሩ። ታካሚው ሁለት ወር ኖረ። ዶክተሩን ቤተሰባቸው «ሌላ እንስሳ አይሆንም ወይ?» ይላቸው እንደነበር ለጋዜጠኞች ተናግረዋል።

ይህን ሁሉ ስዘረዝርላት ጓደኛዬ አቋረጠችኝ። «እሺ፣ እናንተስ?»

መልስ አልነበረኝም። ማታ እናቴን ጠየቅኋት፤ ጾም የማትፈታ፣ ኪዳን የማታስታጉል ሴት ናት። ትንሽ አሰበችና፣

«የላም የለም ወይ?» አለችኝ።