ኦሞ ሲጎድል፦ በጎርፍ ማግሥት ዓሣ ማስገር በደቡብ ኦሞ

ለመዝናኛ ዓሣ የሚያሰግሩ ሰዎች በብዙ አገሮች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው ዓሦች አንዱ ቡናማው ትራውት ነው። ላባና ክር ተጠቅልሎበት ዝንብ በሚመስል ቀላል መንጠቆ ይያዛል። በአገራችንም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቋል። ወደ ጂንካ የሚጓዝ ሰው ግን ትራውት አይጠብቅ። ይህ ዓሣ ውኃው ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይጨነቃል፤ ኦሞ ቱርካና ሐይቅን የሚቀላቀልበት ቆላ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 400 ሜትር እንኳ አይሞላም።

ከጂንካ አጠገብ የሚያልፈው የነሪ ወንዝ ከማጎ ጋር ተገናኝቶ፣ ኡስኖ ተብሎ ወደ ኦሞ ይገባል። በታችኛው ኦሞ የሚያዙት ናይል ፐርች፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) እና አምባዛ ናቸው።

ትራውት የሚራባው ብርዱ ሲገባ ስለሆነ በብዙ አገሮች ማስገር ከዚያ በፊት በሕግ ይዘጋል። ኦሞ ላይ ግን ወቅቱን የሚወስነው ጎርፉ ነው። በደጋው የዘነበው የክረምት ዝናብ በነሐሴና በመስከረም ታች ይደርሳል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ የቱርካና ዓሦች ለመራባት ወንዙን ሽቅብ ይወጣሉ፤ ጫጩቶቻቸውም ውኃ በዋጠው ሣር ውስጥ ያድጋሉ። ከጥቅምት ጀምሮ ውኃው ሲሸሽ በየረግረጉ የቀረው ዓሣ ይያዛል፣ እርጥቡ ደለል ላይም ማሽላ ይዘራል።

ለዳሰነች ከብት ሀብትም ክብርም ነው። ዓሣ ማስገር ደግሞ ከብቱ በድርቅ ወይም በበሽታ ያለቀበት ሰው መጠጊያ ሆኖ ኖሯል። እንዲህ ያሉት ሰዎች «ዲየስ» ይባላሉ። ስለዚህ ዓሣው ሲጠፋ መጀመሪያ የሚራበው ሌላ የሚሸጠው የሌለው ነው።

1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጊቤ 3 ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውኃ መያዝ ጀምሮ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ግድቡ የክረምቱን ሙላት ይቀንሳል፣ የበጋውን ፍሰት ያሳድጋል። በዕቅዱ ላይ በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅ ሰፍሮ ነበር። ጎርፍን ከአደጋ ጋር ብቻ ለሚያያይዝ አዲስ አበቤ ይህ ግራ ሊያጋባው ይችላል። በእርግጥ ከመጠን ያለፈ ሙላትም አለ፤ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ዳሰነቾችን አፈናቅሏል። በልኩና በወቅቱ ካልመጣ ግን ዓሣው የሚራባበት ሣር ደርቆ ይቀራል። ቱርካናም ቢሆን ከ80 በመቶ በላይ ውኃውን የሚያገኘው ከኦሞ ስለሆነ፣ ነገሩ ድንበር ተሻግሮ የኬንያን አስጋሪዎችም ይነካል።

መንጠቆውን ይዞ መሞከር ለሚፈልግ መዳረሻው ኦሞራቴ፣ ጊዜውም ከጥቅምት በኋላ ነው። የትራውት አስጋሪ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሞ መንጠቆውን ይወረውራል። ኦሞ ውስጥ ግን አዞ ስላለ ከዳርቻው ራቅ ብሎ መቆም ይሻላል።