ቁጥሩን ያንብቡልኝ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ዳግላስ ኤንግልባርት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለተሰበሰቡ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ከዚያ በፊት ያላዩትን ነገር አሳየ። ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው ቤተ ሙከራ ከተቀመጠ ባልደረባው ጋር፣ አንዱን ጽሑፍ በየስክሪናቸው እያዩ አብረው ሠሩበት። በሁለቱም ጫፍ የነበሩት ግን ዘዴውን ራሳቸው የፈጠሩት ሰዎች ናቸው። ስለ ኮምፒውተር እምብዛም የማያውቅ ሰው አንደኛው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ለማሰብ ገና ብዙ ዓመታት ይቀሩ ነበር።

በ1980ዎቹ እንደ ፒሲኤኒዌር ያሉ ፕሮግራሞች በሞደምና በስልክ መስመር የሩቅ ኮምፒውተርን ለማዘዝ አስቻሉ። በ1990ዎቹ ደግሞ በእንግሊዟ ካምብሪጅ፣ ኦሊቬቲ ባቋቋመው የምርምር ማዕከል ቪኤንሲ የተባለው ፕሮግራም ተወለደ። የአሠራሩ ቅለት ያስደንቃል፤ ከሩቁ ስክሪን የተለወጠውን ክፍል በአራት ማዕዘን እየቆረጠ ይልካል፣ ከወዲህ የኪቦርድና የማውስ ትእዛዝ ይቀበላል። ኮዱ በነፃ ስለተለቀቀም ብዙዎች የየራሳቸውን ሠሩበት።

ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ቅለቱ ያበቃል። የአይፒ አድራሻዎን ይንገሩኝ፣ ራውተርዎ ላይ ፖርት 5900ን ይክፈቱ ይባላል። ፕሪንተሩ እምቢ ብሎት እርዳታ የጠየቀ ሰው ይህን ቢችልማ ኖሮ መቼ ሰው ይጠራ ነበር! ከሩቅ ሆኖ የመርዳት ሙያ እውነተኛ ፈተና እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ረዳቱን የማስገባቱ ሥራ የተጣለው ከሁሉም ያነሰ በሚያውቀው ሰው ላይ ነው። በ2001 ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር የመጣው የርቀት እርዳታ የተባለው መሣሪያም ለምሳሌ በኢሜይል የሚላክ ግብዣ ይፈልግ ነበር፤ ፋየርዎልና ራውተርም ብዙ ጊዜ መንገድ ይዘጉበት ነበር።

ራውተር ከቤት የሚወጣውን ያሳልፋል፣ ሳይጠራ ከውጭ የሚመጣውን ይመልሳል። መፍትሔው ታዲያ ሁለቱም ወገኖች ወደ ውጭ እንዲወጡና መሃል ላይ ያለ ሰርቨር እንዲያገናኛቸው ማድረግ ነው። በ2005 ክረምት፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው ፎግ ክሪክ የተባለ የሶፍትዌር ኩባንያ አራት ተለማማጅ ተማሪዎች በቪኤንሲ ላይ ተመሥርተው የሠሩት ኮፓይለት በዚሁ መንገድ ሄደ። በዚያው ዓመት ጀርመን ውስጥ ቲምቪወር ብቅ አለ፤ መስኮቱ ላይ መለያ ቁጥርና የይለፍ ቃል ይታያል፣ ተረጂው በስልክ ያነብባል፣ አለቀ። በ2014 የተመሠረተው የሽቱትጋርቱ ኤኒዴስክም ቁጥር ማንበብን አልተወም። ብዙ ብልህ ኮድ ተጽፏል፤ እኔ ግን ከሁሉም የማደንቀው ይህን ምርጫ ነው። አሃዝ ማንበብ የሚያውቅ ሁሉ ያለ ሥልጠና፣ ያለ ኀፍረት እርዳታ ማግኘት ቻለ።

ያው ቅለት ለሌባም ሠራ። «ከማይክሮሶፍት ነው የምደውለው፤ ኮምፒውተርዎ ቫይረስ ገብቶበታል» የሚል ድምፅ አዛውንቶችን ቁጥር እያስነበበ ገንዘባቸውን ወሰደ። በ2016 ከዊንዶውስ 10 ጋር የመጣው ኩዊክ አሲስት የቁጥሩን አቅጣጫ ከረዳቱ ወደ ተረጂው አዞረው፤ ተረጂው የተሰጠውን ኮድ ይጽፋል። ይህም አላዳነም፤ በ2024 ማይክሮሶፍት ራሱ ወንጀለኞች እንደሚገለገሉበት አስታወቀ።

ስለዚህ ጠቅታ መቀነስን ብቻ የቅለት መለኪያ ማድረግ ስህተት ነው እላለሁ። ዛሬ ኩዊክ አሲስት ላይ ረዳቱ ስክሪኑን ከማየት አልፎ ማውሱን መያዝ ሲፈልግ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። ተረጂው አንድ ጊዜ ተጨማሪ ይጫናል፤ ይህች ጠቅታ ግን እዚያ ቦታ ላይ ልትኖር ይገባታል።