ሻለቃ ሃሪስ እና የሸዋ መጽሐፉ

የሸዋውን ንጉሥ የሣህለ ሥላሴን ዘመን የሚያጠና ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ የሻለቃ ዊሊያም ኮርንዎሊስ ሃሪስን ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ማገላበጡ አይቀርም። መጽሐፉ በ1844 ለንደን ላይ ታተመ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ የንጉሡ መቀመጫዎች ስለነበሩት ስለ አንኮበርና ስለ አንጎለላ በተጻፉ ጥናቶች ውስጥ ደጋግሞ ይጠቀሳል። ሲጠቀስ ግን ጸሐፊው ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ሃሪስ በ1807 እንግሊዝ አገር ተወለደ። ገና በአሥራ ስድስት ዓመቱ ገደማ በህንድ የቦምቤ ጦር መሐንዲስ መኮንን ሆነ። ጸሐፊ ያደረገው ሕመም ነው ማለት ይቻላል። ለጤናው ፈቃድ ተሰጥቶት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ጊዜውን በአደን አሳለፈ፤ በ1836 መጨረሻም በማጋሊስበርግ ተራሮች አካባቢ፣ ረጃጅም ቀንዶቹ ወደ ኋላ የተቆለመሙ፣ እስከዚያ የአውሮፓ ሊቃውንት ያልመዘገቡት ጥቁር የዱር እንስሳ ገደለ። ዛሬ ሴብል አንቴሎፕ የሚባለው ነው። በዚያው ጉዞ በንዴቤሌው ንጉሥ በምዚሊካዚ ፊት ስጦታ አቅርቦ፣ በግዛቱ የማለፍና የማደን ፈቃድ አግኝቷል። የጉዞ ትረካውም በ1838 ቦምቤ ላይ ታተመ። እጅ መንሻ፣ ንጉሥ፣ አደን፣ ከዚያም መጽሐፍ፤ ሸዋ ሲመጣ ይህን መንገድ አንድ ጊዜ ሄዶበት ነበር።

እንግሊዞች በ1839 ዔደንን ከያዙ በኋላ ዓይናቸው በቀይ ባሕር ማዶ ንግድ ላይ አረፈ። በ1841 ሃሪስ፣ ያኔ ሻምበል፣ ወደ ሸዋ የተላኩት ልዑካን መሪ ሆኖ ከታጁራ ተነሣ። በአሰል ሐይቅ በኩል ያለው በረሃ ቀላል አልነበረም፤ አንድ ሌሊት ካረፉበት ሸለቆ ውስጥ ሦስት ሰዎቻቸው በተኙበት ተገደሉ።

በእኔ ግምት ከመጽሐፉ ሁሉ ዋጋ ያለው፣ ሸዋ ከደረሱ በኋላ ለንጉሡ የቀረበው የእጅ መንሻ ርክክብ ነው። ምንጣፉ፣ የካሽሚር ሻሉ፣ ሙዚቃ የሚያሰማው ሰዓት በየተራ ይቀርባል። ከዚያ 300 ጠመንጃ ከነሳንጃው ይደረደራል፤ ከገደሉ ማዶ በተወጠረ ጨርቅ ላይም መድፍ ይተኮሳል። ሃሪስ መኮንን ነውና መሣሪያውን፣ ርቀቱን፣ የተመልካቹን ድንጋጤ አጥርቶ ያያል። ንጉሡ የትኛውን ስጦታ ይጠብቁ እንደነበርም፣ እሱ በግልጽ ባይለው እንኳ፣ ከትረካው ይገባናል። ዝሆን የገደለ ሰው በሸዋ የሚያገኘውን ክብር ሲተርክም እንዲሁ ነው፤ እሱ ራሱ ቆላ ወርዶ ዝሆን ገድሎ ስለተሸለመ፣ የግዳይን ሥርዓት የሚገልጸው ከውስጥ ነው።

ችግሩ የሰው ልብ ውስጥ ያለውን ማንበብ ሲጀምር ነው። በጎንቾ አምባ ታስረው የነበሩትን የንጉሡን ዘመዶች መፈታት የራሱ ምክር ፍሬ አድርጎ ያቀርበዋል። ንጉሡ ያኔ ታመው እንደነበር ራሱ ይነግረናል፤ የሞት ፍርሃትና የነፍስ ጉዳይ ከእንግዳ ምክር ይልቅ ሊመዝን እንደሚችል ግን አያሰላም። ቋንቋውም አይረዳውም፦ ዓረፍተ ነገሩ እንደ በዓል ፈረስ በጌጥ ስለተጫነ መራመድ ያቅተዋል።

ስለ ቋንቋ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ኦሮሞ የሚያውቀው አብዛኛው ከሚሲዮናዊው ከዮሐን ክራፕፍ የመጣ ነው። ክራፕፍ ከ1839 ጀምሮ ሸዋ የኖረ፣ ከንጉሡም ጋር የዘመተ ሰው ነበር፤ በኅዳር 1841 አንጎለላ ላይ በንጉሡና በእንግሊዞች መካከል ለተፈረመው የንግድ ውልም በአስተርጓሚነት አገልግሏል። ስለዚህ አንድ አንቀጽ ከሃሪስ ሲወሰድ ምስክሩ ማን እንደሆነ መለየት ያሻል። ስለ እርሻና ስለ ምድሩ ምርት ደግሞ የልዑካኑ አባል ሻምበል ዳግላስ ግራሃም በ1844 ያሳተመው ደረቅ ዘገባ ከአለቃው ያሸበረቀ ገለጻ ይልቅ ለታሪክ ተመራማሪ ይጠቅማል።

በ1842 ሸዋ የደረሰው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን የልዑካኑን ሥራ ክፉኛ ነቅፏል። የእሱም ብዕር ከቂም የጸዳ አይመስለኝም፤ ይሁን እንጂ ሃሪስ ያለፈውን የገበያና የጓዳ ወሬ የምናገኘው ከእሱ ነው። ውሉ ያሰበው ንግድ ሳይስፋፋ ልዑካኑ በ1843 ተመለሱ። በዚያው ዓመት ሣህለ ሥላሴ ከፈረንሳዩ ከሮሼ ዴሪኩር ጋር ሌላ ውል ተፈራረሙ። ሃሪስ ለንደን ላይ ሰር የሚል ማዕረግ ሲሰጠው፣ ንጉሡ ሁለቱንም ኃያላን በወረቀት አስረው፣ ጠመንጃውን ግምጃ ቤት አስገብተው ነበር።