ሠላሳ ሦስት ዙር የፈጀው የፓውተኬት ጨዋታ

ቤዝቦል በሰዓት አይለካም። ሁለቱ ቡድኖች ዘጠኝ ዘጠኝ ጊዜ እየተፈራረቁ ኳስ ይመታሉ፤ መቺው አራቱን ማረፊያዎች ዞሮ ከተመለሰ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ከዘጠኙ ዙር በኋላ እኩል ከሆኑ አንዱ እስኪቀድም ድረስ ዙር ይጨመራል። ብዙውን ጊዜ አንድ ሁለት ዙር ይበቃል።

ኤፕሪል 18 ቀን 1981 (ሚያዝያ 10 ቀን 1973 ዓ.ም.) በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ፓውተኬት ከተማ ማኮይ ስታዲየም ውስጥ ግን አልበቃም። የፓውተኬት ሬድ ሶክስና የሮቸስተር ሬድ ዊንግስ ከዋናው ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለ ውድድር የሚጫወቱ ቡድኖች ነበሩ። መብራት ተበላሽቶ ግማሽ ሰዓት ያህል የዘገየው ጨዋታ ሲጀመር 1,740 ተመልካች ነበር። ሮቸስተር በሰባተኛው ዙር ቀደመ፣ ፓውተኬት በዘጠነኛው አቻ አደረገ። በሃያ አንደኛው ዙር ሮቸስተር እንደገና ቀደመ፤ የፓውተኬቱ ዌድ ቦግስ ግን ወዲያው 2 ለ 2 አደረገው። 

ሌሊቱ የምዕራባውያን ፋሲካ ዋዜማ ነበር። ወደ ሜዳው የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ርቀው የተመቱትን ኳሶች እየመለሰ ነጥብ ነሳ። ተጫዋቾቹ ብርዱ ሲጠናባቸው የተሰበሩ የመምቻ ዱላዎችን በበርሜል ውስጥ እያነደዱ ሞቁ። ጨዋታው ሳይቋረጥ የመቀጠሉ ምክንያት አንድ የጎደለ አንቀጽ ነው። የሊጉ ደንብ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ50 በኋላ አዲስ ዙር እንዳይጀመር ይከለክል ነበር፤ ዳኞቹ በያዙት ቅጂ ላይ ግን ክልከላው አልተጻፈም። የሊጉ ፕሬዚዳንት ሃሮልድ ኩፐር በስልክ ተገኝተው የተጀመረው ዙር እንዳለቀ እንዲቋረጥ አዘዙ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ ሠላሳ ሁለተኛው ዙር ሲያበቃ ስታዲየሙ ውስጥ የቀሩት ተመልካቾች 19 ነበሩ።

የፓውተኬቱ ኳስ ወርዋሪ ሉዊስ አፖንቴ ቀድሞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ባለቤቱ የት እንዳመሸ ጠይቃው አላመነችውም ይባላል። እሱም ነገ ጋዜጣ ላይ ታነቢዋለሽ አላት፤ የእሑዱ ጋዜጣ ግን ጨዋታው ሳያልቅ ታትሞ ነበርና ምስክር አልሆነውም።

ቀሪው ጨዋታ ጁን 23 ቀን ተደረገ። የዋናው ሊግ ተጫዋቾች ሥራ አቁመው ስለነበር ሌላ የሚዘገብ ጨዋታ ያጣው ጋዜጠኛ ሁሉ ወደዚህች ትንሽ ከተማ ጎረፈ። የተጠበቀው ሌላ ረጅም ምሽት ነበር፤ ያለቀው ግን በ18 ደቂቃ ነው። በሠላሳ ሦስተኛው ዙር ዴቭ ኮዛ መታ፣ ማርቲ ባሬት ሮጦ ገባ፣ ፓውተኬት 3 ለ 2 አሸነፈ። ጠቅላላው 8 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ሆነ።

ከዚያ ሌሊት ተጫዋቾች መካከል ቦግስና የሮቸስተሩ ካል ሪፕከን በኋላ የቤዝቦል ታላላቆች መዘክር ውስጥ ገብተዋል። አሸናፊዋን ኳስ የመታው ኮዛ በዋናው ሊግ አንድም ጊዜ አልተጫወተም። ከ2018 ጀምሮ ከዋናው ሊግ በታች ባሉ ሊጎች እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር ሁለተኛው ማረፊያ ላይ በቆመ ሯጭ ስለሚጀመር፣ የፓውተኬትን የሠላሳ ሦስት ዙር ክብረ ወሰን የሚሰብር ጨዋታ ከእንግዲህ አይታሰብም።