«አገር ስጠኝ»፤ ስለ ሚና ጨዋታ አመጣጥና ስለ ጨርጨር አንድ ሐተታ

በአገራችን ያደገ ሆኖ በልጅነቱ ዕንቆቅልሽ ያልተጫወተ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ጠያቂው «ዕንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል። ጥያቄው ቀርቦ ተጠያቂው መልሱን ያጣ እንደ ሆነ፣ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። ተረቺውም «ጎንደርን ሰጠሁህ» ወይም «ሐረርን ሰጠሁህ» ይላል። አሸናፊው በተሰጠው አገር እንደ ሹም ገብቶ፣ መብላት መጠጣቱን እያወራ፣ የተረታውን ጓደኛውን እየዘለፈ ይናገራል፤ በመጨረሻም መልሱን ይገልጻል።

ይህ ጨዋታ ለልጆች ማምሻ ብቻ የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ረጋ ብሎ ላስተዋለው ሦስት ነገሮች በውስጡ ይገኛሉ፤ እነርሱም የታወቀ ቦታ፣ የተሾመ ሰውና በሹመቱ የሚነገር ንግግር ናቸው። ዛሬ በዓለም ላይ የሚና ጨዋታ በሚባለው፣ ሰዎች በገበታ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዱ የአንድን ሰው ጠባይና ሥራ ይዞ በሚጫወቱት ጨዋታ ውስጥ መሠረቶቹ እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሚና ጨዋታ ከየት እንደ መጣ በአጭሩ አመልክቶ፣ ከዕንቆቅልሻችን የሚለይበትን አንድ ነገር ማስረዳት፣ ይህም ልዩነት ለጨርጨር ታሪክ ተማሪ ምን እንደሚጠቅመው መግለጽ ነው።

በመጀመሪያ ሰንጠረዥን እንመልከት። በአገራችን የቆየው የሰንጠረዥ አጨዋወት «ወረራ» የሚባል መክፈቻ ነበረው፤ የመጀመሪያው መማረክ እስኪሆን ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም ነገር በደንብ የተወሰነ ነው። ፈረሱ እንዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ስለ ታወቀ ዳኛ አያስፈልግም። ፈረሱ «አልሄድም» ቢል ምን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅም የለም።

በአውሮፓ ይህን ጥያቄ ወደ ጨዋታ ያስገቡት የጦር ሰዎች ናቸው። በፕሩሲያ ባሮን ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1812 የገበታ ላይ የጦር ጨዋታ ሠርቶ ለንጉሡ አሳየ። የመድፈኛ መኰንን የነበረው ልጁም እ.ኤ.አ. በ1824 አሻሽሎ ደንቡን በመጽሐፍ አወጣው። በዚህ ጨዋታ ሁለቱ ወገኖች በትክክለኛ ካርታ ላይ ይዋጋሉ፤ አንዱ የሌላውን ጦር የሚያየው በእውነተኛ ጦርነት ሊያይ በሚችለው መጠን ብቻ ነው። ትእዛዛቸውን ለዳኛ በጽሑፍ ይሰጣሉ፤ ዳኛውም በዕጣና በሠንጠረዥ ውጤቱን አስልቶ ይነግራቸዋል። የጦሩ ኤታ ማዦር ሹም ጄኔራል ፎን ሙፍሊንግ ጨዋታውን አይተው ለመኰንኖች ትምህርት እንዲሆን ደገፉት። ውሎ አድሮ ግን የደንቡ ብዛት ተጫዋቹን አሰለቸ። ስለዚህ ቬርዲ ዱ ቬርኗ የተባለው መኰንን እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ ሠንጠረዡን ወደ ጎን አድርጎ፣ ልምድ ያለው ዳኛ በራሱ አስተያየት ይፍረድ አለ። ከዚህ ጊዜ አንሥቶ የጨዋታው ልብ ገበታው መሆኑ ቀርቶ ዳኛው ሆነ።

ይህ ሐሳብ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1880 የወጣው «ስትራቴጎስ» የተባለ የጦር ጨዋታ መጽሐፍ ብዙ ዘመን ተረስቶ ከቆየ በኋላ በሚኒሶታ በዴቪድ ዌስሊ እጅ ገባ። ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1969 «ብራውንሽታይን» የተባለውን ጨዋታ ሲያዘጋጅ፣ ጦሩን ከሚመሩት ሌላ ለቀሩት ተጫዋቾች በከተማይቱ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎችን ሚና አደላቸው። ጓደኛው ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1971 «ብላክሙር» በተባለው ጨዋታ ያንኑ ሚና ከአንድ ማታ ወደ ሌላው ማታ አሻገረው፤ ሰውየው ትናንት ያገኘው ወዳጅና ያጠፋው ጥፋት ዛሬም ይጠብቀዋል። በመጨረሻም አርነሰንና ጋሪ ጋይጋክስ እ.ኤ.አ. በ1974 «ዱንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ በሦስት ትናንሽ መጻሕፍት አሳተሙ፤ የመጀመሪያው እትም 1000 ቅጂ ነበር።

እንግዲህ በዕንቆቅልሻችንና በዚህ ጨዋታ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ይሆናል። በዕንቆቅልሽ ተረቺው የሚሰጠው አገር የራሱ አይደለም፤ አሸናፊውም ሲገባበት የሚቀበለው ወይም የሚከለክለው የለም። የተሰጠው አገር ሰው አፍ የለውም። በሚና ጨዋታ ግን ተጫዋቹ «ወደ ከተማይቱ ገብቼ ግብር አስከፍላለሁ» ያለ እንደ ሆነ፣ ዳኛው በከተማይቱ ሰዎች ስም ይመልስለታል። ባላገሩ ዝም ይላል ወይስ አቤት ይላል? ነጋዴው ዕቃውን በሌላ መንገድ ያሳልፋል? የዳኛው ዋና ሥራ በገበታው ላይ ስለሌለው ሰው መናገር ነው።

ይህ ነገር ለጨርጨር ተራ ነገር አይደለም። በዚያ ምድር አገር መስጠት ጨዋታ ያልነበረበት ዘመን አለና። በ1870ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጨርጨርና ሐረር በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ሲገቡ፣ መሬቱና ገባሩ ለሹማምንትና ለወታደሮች ተደለደለ። ሆኖም የተሰጠው አገር ባዶ አገር አልነበረም። ኢቱና ሁምበና ኦሮሞ በኦዳ ቡልቱም ዛፍ ሥር ተሰብስበው በገዳ ሥርዐት የሚመክሩና ሕግ የሚደነግጉ ሕዝቦች ነበሩ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. ነው።

በመካከሉ የመጣው ታሪክ ደግሞ ስለ ሚና ለሚያጠና ሰው እጅግ የሚያስገርም ነው። በ1910ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ የአውራጃው መቀመጫ አድርገው ያሠሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒህ ሰው በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ በኋላም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ዋና ሠራተኛ የነበሩ ሲሆኑ፣ በአማርኛ የመጀመሪያው ተውኔት የሚባለውን «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን የደረሱም እርሳቸው ናቸው። ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በአዲስ አበባ ታይቶ፣ አስተዳደሩን ይነካል ተብሎ ተከለከለ። ሰው በሰውነቱ ሊናገረው የማይደፍረውን ነገር የአውሬ ሚና ይዞ ሊናገረው እንደሚችል ደራሲውም ከልካዮቹም ዐውቀውታል ማለት ነው።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ጨርጨርን ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ ለማድረግ ደክመዋል፤ በ1920ዎቹ ዓ.ም. በቦታቸው የተተኩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በዚያው መንገድ ቀጥለዋል። የፊታውራሪው የሕይወት ታሪክ በ1999 ዓ.ም. ስለ ታተመ የገዥውን ሐሳብ በራሱ ቃል ለማንበብ ዕድል አለን። ነገር ግን አዲሲቱ ከተማ ስትሠራ ድንጋይ የተሸከመው፣ ቡናውን በቅሎ ላይ ጭኖ ወደ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ የወረደው፣ ከቆላው ከብት እየነዳ ገበያ የወጣው ሰው በጽሑፍ የተወው ቃል ጥቂት ነው። «ፋቡላ»ን የጻፈው እጅ ለአውሬዎች አፍ ሰጥቷል፤ ለባላገሩ አፍ የሚሰጠው ግን የታሪክ ተማሪው ነው።

የሚና ጨዋታ ማዘጋጀት የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያኽል በ1918 ዓ.ም. በአሰበ ተፈሪ የሚደረግ ጨዋታ እናስብ። አምስት ሰዎች በገበታ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ የገዥው ጸሓፊ፣ አንዱ መሬት የተደለደለለት አሮጌ ወታደር፣ አንዱ የኢቱ ሽማግሌ፣ አንዱ የሂርና ቡና ነጋዴ ይሆናል። አምስተኛው ዳኛ ነው። ለእያንዳንዱ ሚና ሦስት ነገር ብቻ ይጻፍ፤ የሚፈልገው፣ የሚፈራውና ያለበት ዕዳ። ነገሩም አንድ ይሁን፤ ከከተማይቱ ወደ ባቡሩ የሚወርደው መንገድ በማን ጉልበት ይሠራ?

አወሳሰኑን በሚመለከት ሁለት ደንቦች ይበቃሉ። የመጀመሪያው፣ ማስረጃ መልስ በሚሰጥበት ነገር ዕጣ አይጣልም። ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ነጋዴው በ1918 ዓ.ም. «ባቡር የለም» ሊል አይችልም። ሁለተኛው፣ ማስረጃው ሁለት መንገድ በሚፈቅድበት ጊዜ ብቻ ባለ ስድስት ገጽ ሁለት ዕጣ ይጣላል። ከ36ቱ አጣጣሎች 7 በስድስት መንገድ ሲወጣ 2 እና 12 ግን እያንዳንዳቸው በአንድ መንገድ ብቻ ይወጣሉ። ስለዚህ ዳኛው ሊሆን ይችላል የሚለውን በመካከል፣ ብርቅ የሆነውን በዳርና ዳር ይመድባል። ይህን ሲመድብም ለምን እንደዚያ እንደ ፈረደ ለተጫዋቾቹ ማስረዳት አለበት።

አንዳንድ ሰው ታሪክ በዕጣ አይጻፍም ብሎ ይቃወም ይሆናል። እውነት ነው፤ የጨዋታው ውጤት ማስረጃ አይደለም፤ በማስረጃ ቦታም ሊጠቀስ አይገባውም። ጥቅሙ ጥያቄ ማውጣቱ ነው። ዳኛው የኢቱን ሽማግሌ ጉዳይ ሊፈርድ ተቀምጦ፣ ሽማግሌው የጉልበት ሥራውን የሚቃወመው በየትኛው ልማድና በማን ፊት እንደ ሆነ ሳያውቅ ቢቀር፣ ምን ማጥናት እንደሚገባው ያን ጊዜ ይገነዘባል። መጻሕፍት ቤት ሲገባ፣ ወደ ገለምሶም ወደ በዴሳም ወርዶ ሽማግሌዎችን ሲጠይቅ፣ ጥያቄውን ይዞ ይሄዳል።

ሌላው አደጋ ከዳኛው ይመጣል። ዳኛው ከወታደሩ ወገን የሚወለድ ቢሆን ለወታደሩ፣ ከባላገሩ ወገን የሚወለድ ቢሆን ለባላገሩ ሊያደላ ይችላል። ለዚህ መድኀኒቱ ተራ መለዋወጥ ነው። ዛሬ የፈረደው ነገ ይከሰስ፤ በአያቱ ስም የተናገረውም በሌላው አያት ስም ይናገር። በጨርጨር ያለፈው ነገር ገና በቤተ ሰብ ውስጥ የሚታወስ ስለ ሆነ፣ የሌላውን ሚና ይዞ አንድ ማታ መቀመጥ ቀላል ፈተና አይደለም።

ዕንቆቅልሽ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ጨዋታ ነው፤ ይቅር የሚል የለም። ነገር ግን ከእንግዲህ «አገር ስጠኝ» ሲባል፣ «አገሩስ ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ከመካከላችን ቢገኝ፣ ከጨዋታውም ከታሪኩም ሁለቱንም ይጠቀማል።