የተሰወረ ትከሻ

የጃፓንን የካቡኪ ቴአትር በፊልም ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ሴት ሆኖ በሚጫወተው ወንድ ፊት ላይ ሳይሆን ትከሻው ላይ ነው። ያ ሰፊ የወንድ ትከሻ ወዴት ሄደ?

ነገሩ የሚጀምረው ከእገዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1603 ገደማ ካቡኪን በኪዮቶ የጀመረችው ኦኩኒ የተባለች ሴት ነበረች። በ1629 መንግሥት ሴቶችን ከመድረክ አገደ፤ በ1652 ደግሞ በእነርሱ እግር የተተኩትን ለግላጋ ወጣቶች ከለከለ። የሴቷ ሚና ለጎልማሳ ወንድ ቀረ፤ ይህም ተዋናይ ኦናጋታ ይባላል።

የኦናጋታ ጥበብ ጡንቻን ማክሳት አይደለም፤ መሰወር እንጂ። የትከሻ አጥንቶቹን ወደ ኋላ ስቦ ያቀራርባል፤ ትከሻውን ቁልቁል ይጥላል፤ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ቁመቱን ይቀንሳል። በጉልበቶቹ መካከል ወረቀት ይዞ ሳይጥል መራመድን ይለማመዳል። በከባዱ ኪሞኖ ሥር እንዲህ ሆኖ ለመቆም ብርቱ ጭንና ብርቱ ጀርባ ያሻል። ስስ መስሎ የሚታየን አካል የቆመው በዚያው በተሰወረው ጡንቻ ነው።

ጥበቡን አደንቃለሁ። ነገር ግን መጋረጃው በተዘጋ ቁጥር ኦኩኒ ትዝ ትለኛለች፤ ወንዱ ትከሻውን መሰወር የተማረው የእርሷ ተከታዮች መላ አካላቸው ከመድረክ እንዲሰወር ከተፈረደባቸው በኋላ ነውና።